ሦስቱም ኔጌቲቭ

የዘሃራ ወንድም ይማም ደወለልኝ። እሱ ባይናገርም ከበስተኋላው የሚሰማው የሴቶች ድምፅ ነገረኝ። ከዚያ ሁሉ መሐል የእናቱን የእማማ ሰዓዳን ድምፅ ለየሁት። በመርሳ ዙሪያ ሠርግ ሲኖር ዘፈን እንዲያወርዱ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ያወረዱት ሙሾ ነበር።

«እትየ ብርቄ...» አለኝ ይማም በመጨረሻ። «ዘሃራ...»

«መጣሁ» አልኩት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈው ነው። የምጽፈውም ቀስ እያልኩ ነው፤ ጥቂት እጽፍና ተነስቼ ልብስ አጣጥፋለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ሲሞት አንዲት ቃል መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ለዘሃራ ግን መጻፍ አለብኝ፤ እንዴት ያለች ሰው እንደነበረች የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ከእነዚያም ገሚሱ የሚያውቀው ተሳስቶ ነው።

ዘሃራ ወልድያ ያለው ግቢዬ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የኖረች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። የመጣችው ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ክፍሉን ልታይ ስትገባ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶውን አየች። መሞቱን ነገርኳት። እንደ ሌላው ሰው «ያጽናሽ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «ምን ነበር የሚያስቃቸው?» አለችኝ። እንዴት እንደሞተ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ምን ያስቀው እንደነበር የጠየቀኝ ግን እሷ ብቻ ናት። በሩ ላይ እንደቆምን ባለቤቴ የራሱን ቀልድ ሳይጨርስ እንዴት በሳቅ እንደሚፈርስ ነገርኳት፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያም አለቀስኩ። ክፍሉን ሳታይ ሄደች። በማግሥቱ ዕቃዋን ይዛ መጣች።

ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ የምትጠርግ ሴት ነበረች። ሰው ሲያናግራት መነጽሩን ካወለቀች ነገሩ ገብቷታል ማለት ነው። የተማረችው ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሚባለውን ነው። ሰፈራችን ግን ከዚያ ሁሉ የያዘው «ዶክተር» የምትለውን ብቻ ነበር። ጎረቤት የሚያስለውን ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ወገቡን የያዘው ይመጣል።

«እኔ የሰው ዶክተር አይደለሁም» ትላቸዋለች።

በሳምንቱ አንድ ሰው ከሐራ ድረስ ፍየል ተሸክሞ መጣና በሬን አንኳኳ። «የከብቷ ዶክተር እዚህ ነው አሉ የምትኖር?» አለኝ። ዘሃራ ወጥታ ፍየሏን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች። «ጋሸ፣ የከብትም አይደለሁም» አለችው። «ታዲያ የምንድን ነሽ?» ቢላት ዞራ አየችኝ። ሰውየው እየተናደደ ፍየሏን ተሸክሞ ሲሄድ እሷ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ በሳቅ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ከሥራ ደክማ ስትገባ «እስኪ ዛሬስ የምንድን ነሽ?» እላት ነበር።

የምንድን እንደነበረች የገባኝ አንድ ቅዳሜ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። መርሳ ላይ ለሴቶች ስለ ጡት ሕመም እንድታስረዳ ተጠርታ ኖሮ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እትየ፣ ሪሴፕተርን በአማርኛ ምን ልበለው?»

«ምን የሚሠራ ነው?»

«ሆርሞን ሲመጣ የሚቀበል።»

«ተቀባይ በይዋ።»

መነጽሯን አወለቀች። «እንደ ዘፈን ተቀባይ?» ብላ ሳቀች። እናቷ አውራጅ፣ እሷ ደግሞ ድምፅ የላትምና ከልጅነቷ ጀምሮ ተቀባይ እንደነበረች ያኔ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁሉ በዚያ አስረዳችኝ። ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ እየዞረ የሚያወርድ ነው። ዜማው ለሰውነት ሁሉ ይደርሳል፤ የሚመልስለት ግን ተቀባይ ያለው ኅዋስ ብቻ ነው። ተቀባዩ ዜማውን ይዞ ወደ ኅዋሱ እምብርት ይገባል፣ ዘረመሉ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱን ያስነሳል፣ ሌላውን ዝም ያሰኛል። ልጅ የምታድገው፣ ጡት የሚያግተው፣ የወር አበባ የሚመጣው የሚሄደው በዚህ ነው።

«አንዳንድ ዕጢ ውስጥ ግን» አለች፣ «ተቀባዩ የለም። የሚሠራው ዘረመል ጠፍቶ አይደለም፤ እዚያው አለ። ተዘግቶ ነው። ማን ዘጋው? ሊከፈትስ ይችላል ወይ? የእኔ ሥራ ይኸው ነው።»

«አገኘሽው?»

«ገና ነው» አለችኝ። ይህቺ ቃል ከአፏ አትጠፋም ነበር። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጠችው ናሙና ሲበላሽባት «ገና ነው» ትላለች። ከውጭ የተላከላት መድኃኒት መንገድ ላይ ጊዜው ሲያልፍበት «ገና ነው» ትላለች። እንደ ማማረርም አትለውም፤ ሰዓት ሲጠየቅ እንደሚመልስ ሰው ነው የምትለው።

መዋሸት አታውቅም ነበር። አልፈልግም ብላ ሳይሆን አይሆንላትም። አንዴ ለባለቤቴ ጡረታ ጉዳይ ደሴ ስወርድ እሷም ናሙና የያዘ የበረዶ ሣጥን ይዛ አብራኝ ተሳፈረች። መርሳን እንዳለፍን ረዳቱ ሣጥኑን በእግሩ ነካ አደረገና «ዓሣ ነው እንዴ፣ እህቴ?» አላት።

«አይደለም።»

«ክትባት?»

«አይደለም። ከሰው ዕጢ የተቆረጠ ሥጋ ነው።»

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ያ ረቢ!» አሉ። ሹፌሩ ውርጌሳ ላይ ዳር ያዘ። ረዳቱ «ወላሂ፣ እህቴ፣ ትወርጃለሽ» አላት። አብሬያት ወረድኩ። ጥላ ሥር ቆመን ሌላ መኪና ስንጠብቅ በረዶው እየቀለጠ ጫማችን ላይ ይንጠባጠባል።

«ምናለ ዓሣ ነው ብትይ?» አልኳት ተናድጄ።

«ዓሣ አይደለማ፣ እትየ» አለችኝ፣ እንደ ተማሪ ደንግጣ።

ይህን የምጽፈው ኋላ ላይ ዝም ማለት የጀመረችው ይህችው ሰው መሆኗ እንዲታወቅልኝ ነው።

አንድ ቀን ልብስ እያሰጣሁ ሳለ መጣችና እጄን ይዛ ከብብቷ ዝቅ አድርጋ አስነካችኝ። እንደ ሽንብራ ጠጣር ነገር ነበር። ፊቷን አየሁት። መነጽሯን አላወለቀችም። «አዲስ አበባ ሄጄ አስቆርጬ አስመረምረዋለሁ» አለችና ልብስ ማስጣቱን ታግዘኝ ገባች።

ደርሳ ከተመለሰች በኋላ ውጤት ወጣ ወይ ባልኳት ቁጥር «ገና አላለቀም» ትለኝ ነበር። ለእናቷም፣ ለወንድሟ ለይማምም ያለቻቸው ይህንኑ ነው። ውሸት አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍል ወጥቶ ነበር፤ ካንሰር መሆኑን ታውቃለች። የምትጠብቀው የመጨረሻውን ነበር። እኛ ግን አንድ ውጤት ይመስለናል እንጂ በክፍል በክፍል የሚመጣ መሆኑን አናውቅም።

መርሳ እናቷ ቤት ሳለን ነው የተደወለው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ አብሬያት ሄጃለሁ። ይማም ፍራፍሬ ነጋዴ ነው፤ የማንጎ ሣጥን ሲያራግፍ ስልኳ ጠራ። ዘሃራ ጓሮ ለሶላት እየታጠበች ነበር።

«ዘሃራ! አዲስ አበባ ነው፣ ዶክተሩ!»

«እጄ እርጥብ ነው፤ ላውድ አርገህ ያዝልኝ!» አለች፤ እየሮጠች መጣች።

ሐኪሙ አብሯት የተማረ ሰው ነው። ድምፁ ቤቱን ሞላው። «ዘሃራ፣ ውጤቱ ተሟልቶ ወጣ። ሦስቱም ኔጌቲቭ ነው።»

በእኛ አገር «ኔጌቲቭ» የምትለዋን ቃል የማያውቅ የለም። በኤድስ ዘመን ከጤና ጣቢያ በር ላይ የተማርናት ቃል ናት። ኔጌቲቭ ማለት ነጻ ነህ፣ ሂድ፣ አግባ፣ ውለድ ማለት ነው። እማማ ሰዓዳ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እዚያው መሬት ላይ ለሱጁድ በግንባራቸው ተደፉ። ይማም ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ዓይኑን ይጠርጋል። እኔም እልል አልኩ። ሰውየው «ሄሎ? ሄሎ?» ሲል ዘሃራ ስልኩን ተቀብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ስትመለስ በግ እየተጎተተ ገብቷል። ጎረቤት መጥቷል። እማማ ሰዓዳ ዘፈን አወረዱ፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። ዘሃራ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«አንች ዘሃራ!» አሉ እናቷ እያጨበጨቡ። «ተቀበይ እንጅ! ዛሬ ያልተቀበልሽ መቼ ልትቀበይ ነው?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ግን አልወጣም። ድምፅ ስለሌላት ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የእስላም ሥጋ አልበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። እንደ ልማዱ ለእኔ በሌላ ሰሐን ሽሮና እንቁላል ቀረበልኝ። ዘሃራ የበጉን ትታ አጠገቤ ተቀመጠችና ከእኔ ሰሐን መብላት ጀመረች።

«ምን ሁነሽ ነው?» አሉ እናቷ። «በእልልታ የታረደልሽን ትተሽ!»

«እትየ ብቻዋን እንዳትበላ ነው፣ እማየ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ወልድያ ስንመለስ ከሚኒባሱ የመጨረሻ ወንበር ተቀመጥን። መነጽሯን አወለቀች።

«እትየ፣ ተቀባይ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል?»

«አዎ።»

«ሦስት ዓይነት ተቀባይ ነው የሚፈልጉት። ካንሰሩ ውስጥ ተቀባይ ካለ እሱን የሚይዝ መድኃኒት አለ። ኪኒን ነው፤ ሰው እየዋጠ ብዙ ዓመት ይኖራል። የእኔ ሦስቱም የለውም። ኔጌቲቭ ያለው እሱን ነው።»

እንደ ሞኝ አየኋት። «ነጻ ነሽ አላለም?»

«አላለም።»

«ካንሰር አለብሽ ማለት ነው?»

«አለብኝ። በዚያ ላይ የሚያዝበት የለውም። የቀረው ሁሉንም ደህናውንም የሚመታው መድኃኒት ነው። እሱን እሞክራለሁ፤ ይሠራ ይሆናል። አንዳንዴ ይሠራል።»

መኪናው ይሄዳል። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ማሽላ ዋጋ ይከራከራሉ። የምይዘው ነገር አጣሁና የሻሿን ጫፍ ያዝኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሻቸው?»

«እማየን አላየሻትም? ሱጁድ ላይ ነበረች። ከሱጁድ ላይ ሰውን ምን ብዬ ላስነሳ?» መነጽሯን መልሳ አድርጋ፣ «እኔው እነግራታለሁ። ትንሽ ትደሰትና እነግራታለሁ። አንች እንዳትነግሪብኝ።»

ከዚያ የሆነውን ማሳጠር እፈልጋለሁ፤ ረጅም ነበርና። መድኃኒቱን ለመወጋት አዲስ አበባ ስትመላለስ የሚወስዳት ይማም ነበር። ስለዚህ ለእሱ ነገረችው፣ አስማለችው። እናቷ «ወደፊት እንዳይመጣ መከላከያ ነው» ተባሉ። ይህንን ያለው ይማም ነው፤ እሷ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ፀጉሯ ረገፈ፤ ሻሽ ሸፈነው። ማስተማሯን አላቆመችም። ስትገባ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሾርባ እሠራለሁ፣ አትጠጣውም። እጸልያለሁ አልኳት፤ «ጸልይልኝ» አለችኝ። ሌላ ያደረግሁላት ነገር የለም። የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ እሷ ደግሞ እንደሌለ ከእኔ አብልጣ ታውቃለች፣ የከፋውም ይህ ነበር።

አንድ ቀን ኮምፒውተሯ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ የሞላበት ሥዕል ታያለች። የእሷ ዕጢ ነው።

«እይው፣ እትየ። ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ሳጠና ኖርኩ። እንዴት እንደሚተኛ፣ እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። እሱ ግን አያውቀኝም።»

ትከሻዋን ይዤ ቆምኩ። አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር።

በመጨረሻ መርሳ እናቷ ቤት ገባች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር በጆሮዬ «ዛሬ እነግራታለሁ» ትለኛለች። እማማ ሰዓዳ ደግሞ ፓፓያ ቆርጠው ይመጣሉ፤ «ብይልኝ፣ መርፌው ነው ያዳከመሽ፣ ይተውሻል ኢንሻአላህ» እያሉ በእጃቸው ያጎርሷታል። ዘሃራ አፏን ትከፍታለች። ለመናገር የከፈተችው አፍ በፓፓያ ይሞላል። ትውጠዋለች። ወጥቼ እሄዳለሁ።

ሳትነግራቸው ሞተች።

ለቅሶው ላይ እናቷ የሚሉትን አገር ሰማ። «ሦስት ጊዜ መርምረዋት ሦስቴም ነጻ ናት የተባለች ልጅ!» ይላሉ ደረታቸውን እየመቱ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ሁላችሁም ሰምታችኋል! ደህናዋን ልጄን ወስዶ ያስወጋት ይኼ ነው! አንተ ይማም፣ አንተ ነህ የገደልካት!» ይማም ከሴቶቹ በር ላይ አቀርቅሮ ቆሞ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ከዓይኔ ገጠመ። ምሎላታል። እኔም ቃል ሰጥቻታለሁ። ሁለታችንም አቀረቀርን።

ለሰደቃዋ ስሄድ ይማምን ደጅ አገኘሁት፤ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሰው ቤት ውስጥ ይበላል።

«አትገባም?»

«እማየ እጅህን አታሳየኝ ብላኛለች፣ እትየ። ያቀረብኩላትን ውኃ ደፋችው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔስ ችየዋለሁ። ግን እሷም እኮ ሌላ ልጅ የላትም» አለኝ።

ዘሃራ እኔው እነግራታለሁ ነበር ያለችው። ከእንግዲህ አትነግራቸውም። ገባሁና እንግዳው እስኪቀንስ ጠብቄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«እማማ ሰዓዳ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የዘሃራ ነው።»

ነገርኳቸው። ስለ ተቀባዩ፣ ስለ ሦስቱ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደነበር፣ ይማም መሐላ እንደነበረበት። ዘሃራ ብትሆን አሳምራ ታስረዳቸው ነበር፤ እኔ እየተደነቃቀፍኩ ነው የነገርኳቸው። ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ሙሲባ፣ ከባድ መከራ፣ የደረሰበት ሰው አዲስ ነገር ሲነግሩት እንዲህ ነው።

«ልጄ ዋሽታ አታውቅም» አሉኝ።

«አልዋሸችም። ዝም ነው ያለችው።»

«መቼ ነው ያወቀችው?»

«ካንሰር መሆኑን ቀድማ፤ ሦስቱም እንደሌለው ያኑ ቀን። ስልኩ ሲደወል።»

እጃቸውን ከጭናቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ደጅ ይማም ከሰው ጋር ሲነጋገር ድምፁ ይሰማል። ወደዚያ ዞሩ፣ ይጠሩታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠሩትም። መልሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ሳወርድ፣ እናንተ እልል ስትሉ፣ እሷ ብቻዋን ነበረቻ።»

መልስ እንድሰጣቸው ጠበቁ።